ሶሪያሲስ ላለባት ሴት ከእርግዝና በፊት ልናነሳው የሚገባን ጥያቄ

የተከበራችሁ የቆዳ ሐኪሞች፣ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች እንዲሁም አዋላጅ ነርሶች፤

ሶሪያሲስ (ቆዳን የሚያቀላና የሚያስቀርፍ የማይተላለፍ ሥር የሰደደ በሽታ) ያለባት ሴት ማርገዟን ስታውቅ ደንግጣ ቅባቱንም መርፌውንም በአንድ ቀን ልትተው ትችላለች። ፍርሃቷ ይገባኛል፤ ሆኖም ሁሉንም መድኃኒት በእኩል ዓይን አይቶ መሸሽ ለእሷም ሆነ ለጽንሱ አይበጅም።

በእርግጥ ሊፈሩ የሚገባቸው አሉ። ለሶሪያሲስ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት፣ ለጽንሱ እድገት የሚያስፈልገውን የፎሌት ቫይታሚን ሥራ ስለሚያውክ ጽንስ ሊያስጨነግፍ ወይም የአካል ጉድለት ሊያስከትል ይችላል፤ ስለዚህ እርግዝናው ከመጀመሩ ከወራት በፊት መቆም አለበት። አሲትሬቲን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ይብሳል፤ አልኮል ሲጨመርበት በሰውነት ውስጥ እጅግ ረጅም ጊዜ ወደሚቆይ ውህድ ስለሚለወጥ፣ ከተቋረጠ በኋላም ለ3 ዓመታት ማርገዝ አይመከርም። የ25 ዓመት ወጣት ሴት ፊታችን ተቀምጣ ይህን መድኃኒት ስናዝላት «ልጅ የመውለድ ሐሳብ አለሽ?» ብለን ካልጠየቅናት፣ ስለ ሦስት ዓመት ሕይወቷ እሷ ሳታውቅ ወሰንንባት ማለት ነው።

በሌላ በኩል የቆዳ ማለስለሻዎች፣ መለስተኛ የስቴሮይድ ቅባቶችና ጠባብ ሞገድ ያለው የዩቪቢ (አልትራቫዮሌት ቢ) ጨረር በእርግዝና ወቅት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ጨረሩ ፎሌትን ሊቀንስ ስለሚችል ግን ፎሌትን የሚተካው የፎሊክ አሲድ ክኒን አይዘንጋ። ሰርቶሊዙማብ የተባለው የሶሪያሲስ መርፌም በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ጽንሱ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ቀላል ሶሪያሲስ ያለባቸው አብዛኞቹ እናቶች ጤናማ ልጅ ይወልዳሉ፤ ከባዱ በሽታ ግን ክብደቱ ዝቅ ካለ ሕፃን መወለድና ከእርግዝና ደም ግፊት ጋር ተያይዞ ታይቷል። ውፍረትና ሲጋራ ማጨስ ድርሻ ቢኖራቸውም፣ በሽታውን ሳይታከም መተው ከአደጋ ነፃ ምርጫ አይደለም።

ከነፍሰ ጡሮቹ ግማሽ ያህሉ በእርግዝና ወቅት ይሻላቸዋል፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን በሽታው በብዙዎቹ ላይ ያገረሻል። ጡቷ ጫፍ ላይ ቅባት የምትጠቀም እናት ካጠባች በኋላ እንድትቀባ፣ ከሚቀጥለው ማጥባት በፊትም በደንብ እንድትጠርገው ይነገራት።

አዋላጅ ነርሶች፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት ትኩሳት ያላትና በቀላ ቆዳዋ ላይ መግል የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች የወጡባት ነፍሰ ጡር ስትገጥማችሁ ቀጠሮ አትስጧት፤ ይህ የሶሪያሲስ ዓይነት ጽንሱን ሊገድል ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ትላክ። እናቲቱ በእርግዝናው መገባደጃ እንደ አዳሊሙማብ ያለ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም የሶሪያሲስ መርፌ ወስዳ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑ ስለሚያልፍ፣ እንደ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) ያለ፣ የተዳከመ ሕያው ተህዋስ የያዘ ክትባት ከመሰጠቱ በፊት ሐኪም እንዲማከር በሕፃኑ ካርድ ላይ በግልጽ ጻፉበት።