የቤት ታክሳችንና 911
በሲያትል ለኢትዮጵያውያን የኮሚኒቲ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሥራ ውላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም የማታ ሺፍት እየጠበቃችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ፕሮፐርቲ ታክስ ነው። ስሙ ሲነሳ ፊት እንደሚጨልም አውቃለሁ። ታክሱን በሙሉ ላሞግስ አልመጣሁም። የማነሳው አንዲት መስመር ብቻ ነው፤ ሲያትል የምትገኝበትን የኪንግ ካውንቲን የድንገተኛ ሕክምና ታክስ።

ብዙዎቻችን ይህችን መስመር አይተናት አናውቅም። ታክሱ ከሞርጌጅ ጋር በኤስክሮ፣ ማለትም ባንኩ በየወሩ ከእኛ ሰብስቦ በሚከፍልበት ሂሳብ፣ ስለሚከፈል ቢሉን የሚያየው ባንኩ ነው። ከ2026 ጀምሮ ለ6 ዓመት የጸደቀው ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር የቤት ግምት ላይ 25 ሳንቲም ነው። ግምቱ 800,000 ዶላር የሆነ ቤት በመጀመሪያው ዓመት 200 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ተከራዮችም አላመለጣችሁም፤ አከራዩ ከኪራዩ ላይ አስቦታል።

«የሁላችንም ቤት በእጥፍ ቢወደድ ታክሱም እጥፍ ሊሆን ነው?» ትሉኛላችሁ። አይሆንም። ሕዝብ በድምፅ ካልፈቀደ በቀር፣ ካውንቲው ከነባር ቤቶች የሚሰበስበው ጠቅላላ ገንዘብ በዓመት ከ1 በመቶ በላይ እንዲያድግ ሕጉ አይፈቅድም። የቤቶች ግምት በጠቅላላ ሲወጣ ከ1,000 ዶላር ላይ የምትታሰበው ሳንቲም ትወርዳለች።

ታዲያ ምን እናገኝበታለን? እማማ ደረታቸውን አሟቸው 911 ስንደውል የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ ይመጣል። ጎረቤት ይወጣል፤ እኛም «እሳት የት አለና ነው?» እንላለን። ነገሩ እንዲህ ነው። የእሳት አደጋ ጣቢያ በየሰፈሩ አለ፤ እዚያ ያሉት ሰዎችም የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠኑ ናቸው። ስለዚህ ቀድመው ይደርሳሉ። ሕይወት አስጊ ከሆነ ደግሞ «ሜዲክ ዋን» የሚባሉት ፓራሜዲኮች ይከተላሉ። እነሱ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣሉ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ያስገባሉ። ሜዲክ ዋንን በ1970 ሲያትል ውስጥ የጀመሩት የሃርበርቪው ሆስፒታል ሐኪም ዶክተር ሊዮናርድ ኮብና የእሳት አደጋ አዛዡ ጎርደን ቪከሪ ናቸው። የካውንቲው ታክስ የመጣው በ1979 ነው።

ውጤቱ ይታያል። እዚህ ካውንቲ ሰው እያያቸው ልባቸው ቆሞ ከወደቁና በኤሌክትሪክ ንዝረት ሊመለሱ ከሚችሉ ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሕይወት ከሆስፒታል ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ቁጥር በዓለም ላይ ብዙ ቦታ የለም። እድራችን የሚደርሰው ከሞትን በኋላ ነው፤ ይሄኛው ሳንሞት ይደርሳል።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። እየከፈልን አንደውልም። ቢል ይመጣብናል ብለን በሽተኛ በራሳችን መኪና ጭነን በፍሪዌይ እንሮጣለን። ሆስፒታል የሚያደርሰው አምቡላንስ ቢል ሊልክ እንደሚችል እውነት ነው። ግን ለደረት ሕመምና ለስትሮክ ቢል እያሰቡ መቆየት ምን የሚሉት ቁጠባ ነው? እንግሊዝኛው ካስቸገረ «አምሃሪክ» ብቻ በሉ፤ የ911 ሠራተኞች አስተርጓሚ በስልክ ያገናኟችኋል። የሰውየው ልብ ከቆመ ደረቱን እንዴት እንደምትጫኑ ራሳቸው በስልክ ይመሯችኋል። ስልኩን አትዝጉት።

ታክሱ እንከን የለበትም አልልም። የሚታየው የቤቱ ግምት እንጂ የኪሳችን ሁኔታ አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት ቤት ገዝተው ዛሬ በጡረታ የሚኖሩ እናት ግምቱ ሲወጣ ገቢያቸው አብሮ አልወጣም። ለእነሱ ቅናሽ አለ፤ ግን ብዙ ሰው አልሰማም። ዕድሜው 61 የሞላው ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሥራ ያቆመ፣ በገዛ ቤቱ የሚኖር፣ የዓመት ገቢውም ለ2026 ታክስ ከ84,000 ዶላር የማይበልጥ ሰው የቤት ግምት ለሚያወጣው የካውንቲው ቢሮ (አሴሰር) ያመልክት። ብቁ ከነበረ ላለፉት 3 ዓመታትም መጠየቅ ይችላል።

ፎርሙን አምጥቻለሁ፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። የገቢ ወረቀት የያዛችሁ አሁኑኑ አብረን እንሞላለን። ያልያዛችሁ ለቅዳሜ ይዛችሁ ኑ፤ ልጆቻችሁንም ለማስተርጎም አታስቸግሩ፣ እኛ አለን።