መለያ የሌለው ጠርሙስ፦ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የደህንነት ግዴታው የማን ነው?

[ምስል፦ ደሴ፣ የጦሳ ተራራ በጠዋት ጉም ውስጥ። ቀጥሎ የቤተ ሙከራ ኮሪደር።]

ተራኪ፦ ወደ ቤተ ሙከራው ጠዋት ቀድማ የምትገባው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ጠረጴዛው ላይ ተማሪዎች ትተውት የሄዱት የውኃ ፕላስቲክ ተቀምጧል፤ በውስጡ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። ምን እንደሆነ ቴክኒሺያኑን ትጠይቀዋለች። «አብሽሪ፣ አልኮል ነው» ይላታል። ሊሆን ይችላል። አሲድም ሊሆን ይችላል።

[ምስል፦ ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 42 እና 44።]

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ለሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት መሆኑን ይደነግጋል። ዝርዝሩ ላይ ሲደረስ ግን ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል። ቴክኒሺያኑ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ በግል ድርጅት በኩል የተቀጠረች ከሆነች የሚመለከታት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የዚህ አዋጅ አንቀጽ 92 አሠሪው ስለ አደጋው እንዲያስረዳትና እንዲያሠለጥናት፣ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብላት፣ የደረሰውንም አደጋ መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። እንግዲህ በአንድ ኮሪደር ላይ ሁለት ሕግ ይሠራል። አሲዱ ግን የቅጥር ደብዳቤ አይጠይቅም። ድርጅቱ «ቤተ ሙከራው የዩኒቨርሲቲው ነው»፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ «ሠራተኛዋ የድርጅቱ ናት» ከተባባሉ ጓንት የሚገዛላት አይኖርም። በእኔ እምነት ይህ የሚፈታው በጽዳት ውሉ ላይ ነው፤ ጓንቱንና ሥልጠናውን ማን እንደሚያቀርብ በግልጽ ይጻፍ።

[ምስል፦ የኬሚካል ጠርሙስ በቅርብ። ቀይ ዳር ያላቸው ባለ አራት ማዕዘን ምልክቶች።]

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ከትልቁ ዕቃ የተቀነሰ ማንኛውም ኬሚካል አዲሱ ዕቃ ላይ ስሙ፣ ጥንካሬው፣ የአደጋ ምልክቱና የተሞላበት ቀን ሊጻፍ ይገባል። በዓለም አቀፉ አሠራር ምልክቶቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ነበልባሉ፣ እጅና ብረት የሚበላው ጠብታ፣ የራስ ቅሉ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከኬሚካሉ ጋር አብሮ የሚመጣው የደህንነት መረጃ ሰነድ 16 ክፍሎች አሉት። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ለኦዲተር እንጂ ለሠራተኛዋ አይጠቅማትም። በሩ ላይ የተለጠፈ ግማሽ ገጽ አማርኛ ይበልጠዋል።

መጋዘን ውስጥ የሚሠራው የተለመደ ስሕተት «አሲድ ከአሲድ ጋር» ብሎ መደርደር ነው። ናይትሪክ አሲድ ከአሴቲክ አሲድ ጎን መቀመጥ የለበትም፤ ሁለተኛው የሚነድ ነው፣ የመጀመሪያው ደግሞ የሚያባብስ። መደርደሪያውም ፊቱ ላይ መከለያ ጠርዝ ያስፈልገዋል። ለምን ቢሉ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያመጣው መንገድ ላይ ያለው ቃራቆሬ በ1953 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተመትቷል። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስም እዚህ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ ምን ቀረ፣ ምንስ መለያውን አጣ ብሎ ቆጠራ ማካሄድ ከግዥ ይቀድማል።

[ምስል፦ መጸዳጃ ቤት። ባልዲ፣ በረኪና፣ የማጽጃ አሲድ።]

ከቤተ ሙከራው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ይህ ክፍል ነው። ቆሻሻው አልለቅ ሲል በረኪናና የማጽጃ አሲድ አንድ ባልዲ ውስጥ ይቀላቀላሉ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል። በጠባብና መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ጉዳቱ ይከፋል። ጋዙ ከወጣ ባልዲውን ለማንሣት መታገል አያስፈልግም፤ ወዲያው ወጥቶ ንጹሕ አየር ወዳለበት መሄድና ለኃላፊው መናገር ነው። ይህን ለማስተማር አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ በጀትም አይጠይቅም።

[ምስል፦ የእጅ መታጠቢያ ማፍሰሻ። ከዚያ የቦርከና ወንዝ ከላይ ሲታይ።]

የተረፈውን ወደ ማፍሰሻው መድፋት ቀላል ይመስላል። ቦርከና ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ በጨፋ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በመንገዱ ላይ ከብት ይጠጣዋል፣ ማሳ ይለማበታል። ኮምቦልቻ ላይ ገባር ወንዞቹ በፋብሪካ ፍሳሽ መበከላቸውን ያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። ፋብሪካን የሚመረምር ተቋም የራሱን ማፍሰሻ ሳያይ ቢቀር ያሳፍራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ሆነ ስለ አደገኛ ቆሻሻ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ለዩኒቨርሲቲ የተለየ በር አልከፈቱም። ስለዚህ ከባድ ብረት (እንደ ሜርኩሪና እርሳስ ያለ) ያለበት፣ የሚነደውና አሲዳማው ተረፈ ኬሚካል እያንዳንዱ ለየብቻው ስሙ በተጻፈበት ዕቃ ይጠራቀማል።

[ምስል፦ በፍጥነት የሚቀያየሩ ትዕይንቶች።]

የቀረውን በአጭሩ እንለፈው። የእሳት ማጥፊያው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑ በየወሩ ይታይ። የአደጋ መውጫ በር በሰንሰለት አይታሰር፤ «ሌባ እንዳይገባ» የሚለው ምክንያት በእሳት ጊዜ አይሠራም። የደሴ ብርድ ተማሪውን የኤሌክትሪክ ምድጃ መኝታ ክፍል እንዲያስገባ ይፈትነዋል፤ ከመቅጣት በፊት ብርድ ልብሱንና ሙቅ ውኃውን ማሰብ ይገባል።

[ምስል፦ የዓይን ማጠቢያ፣ አጠገቡ የተሞላ ጄሪካን። ቀጥሎ ክፍት መዝገብ።]

ዓይኑ ላይ ኬሚካል የተረጨበት ሰው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በውኃ ይታጠባል፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። ቧንቧው በሚቋረጥበት ቀን የተሞላው ጄሪካን ለዚህ ነው። ቀጥሎ መዝገቡ ይከፈታል፦ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ኬሚካል፣ ምን ተደረገለት። ጉዳት ሳያደርስ ያለፈውም አደጋ ይጻፋል፤ ሳይሰበር የወደቀው ጠርሙስ ጭምር። መዝገቡ ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጥ፤ መጻፍ ለማትችል ሠራተኛ የሚጽፍላት ሰው ይመደብላት።