ከመግዛት በፊት መለካት፦ ያረጀ ሞተር ቤት ውስጥ ማደስ

ሀ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስላረጀ ሞተር ነው። ዘይት የሚበላ፣ ጉልበቱ ያለቀ፣ ጠዋት በስንት ልመና የሚነሳ። ጠያቂው እኔ ነኝ፤ ግራሶ የነካው እጅ የእንግዳዬ ነው። አንድ ሰው ገንዘቡ ውስን ነው እንበል፤ ሞተሩን ራሱ ቤቱ ማደስ ይፈልጋል። መጀመሪያ ምን ይግዛ?

ለ፦ ምንም አይግዛ። ከልቤ ነው የምለው። የመጀመሪያ ሞተሬን ስፈታ ገና ቴስታው፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ሳይወርድ ሙሉ ፋሻ፣ በፒስቶን ዙሪያ የሚገባውን የብረት ቀለበት፣ ገዝቼ አስቀምጬ ነበር። ፒስቶኖቹን፣ ሲሊንደር ውስጥ ላይ ታች የሚመላለሱትን፣ አውጥቼ አናታቸውን ስጠርግ 0.50 የሚል ቁጥር ተመትቶባቸዋል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሲሊንደሩን በግማሽ ሚሊሜትር አስፍቶ ትልቅ ፒስቶን አስገብቶበታል ማለት ነው። የገዛሁት ፋሻ ደግሞ ላልተነካ ሞተር የሚሆን ነበር።

ሀ፦ መመለስ አልቻልሽም?

ለ፦ ማሸጊያውን ከፍቼዋለሁ፤ አልተቀበሉኝም። በዚያ ገንዘብ የሚያስፈልጉኝን መለኪያዎች በሙሉ እገዛበት ነበር። አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ለካ፣ ዕቃው ከዚያ በኋላ ይገዛል።

ሀ፦ ሳይፈታስ የሚለካ ነገር አለ?

ለ፦ አለ እንጂ፣ ኮምፕሬሽን፤ ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት። ሞተሩን አሙቀህ ካንዴላዎቹን በሙሉ ትፈታለህ። ነዳጁንና የካንዴላውን እሳት ታቋርጣለህ። መለኪያውን አንዱ ቀዳዳ ላይ ትገጥማለህ። ጓደኛህ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ በሞተሪኖ፣ በማስነሻው፣ ያዞረዋል። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ባር ይሰጣል። ግን ከቁጥሩ በላይ ልዩነቱን እይ። የእኔ ሦስቱ 10 ገደማ ሲሉ አራተኛው 6 ላይ ቆመ።

ሀ፦ ምን እንደሆነ ግን አይነግርሽም።

ለ፦ ይናገራል። በዚያው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረህ ደግመህ ትለካለህ። ቁጥሩ ከፍ ካለ፣ ዘይቱ በፋሻውና በሲሊንደሩ መሃል ያለውን ክፍተት ደፍኖታል፤ ስለዚህ ያለቀው እዚያ ነው። ንቅንቅ ካላለ ወይ ቫልቩ፣ የአየርና የጭስ መግቢያና መውጫ በሩ፣ አይዘጋም፣ ወይ ጓርኒሲዮኑ፣ ከቴስታው ሥር ያለው መድፈኛ፣ ተቃጥሏል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ጓርኒሲዮኑን ነው።

ሀ፦ እንደዚያ ከሆነ ሞተሩን ማውረድም ላያስፈልግ ነው።

ለ፦ ቴስታውን ብቻ ነው የምታወርደው። ችግሩ ቫልቭ ላይ ሆኖ ሳለ ሙሉ ሞተር የበተነ ሰው አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። ጭሱንም ተመልከት። አድሮ ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ አጭሶ የሚተው ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ፣ ዘይት የሚከለክለው ላስቲክ፣ ነው። ሌሊቱን ዘይት ወደ ታች ሲያንጠባጥብ ያድራል። ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር የሚያጨስ ከሆነ ግን ወደ ፋሻው ሂድ።

ሀ፦ እሺ፣ ፋሻ ነው፤ ሞተሩም ተፈታ። ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደተበላ በምን ይታወቃል? ለዚያ የሚሆነው መለኪያ ውድ ነው።

ለ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! አንድ ፋሻ ይበቃሃል፣ አሮጌም ቢሆን። ፋሻ ሁለቱ ጫፎቹ አይገናኙም አይደል? ሲሊንደሩ ውስጥ ታስገባውና በፒስቶኑ ገፋ አድርገህ ቀጥ እንዲል ታደርገዋለህ። ከዚያ የጫፎቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ፣ ማለት በነዚያ ስስ የብረት ቅጠሎች ትለካለህ። አንዴ ታች፣ ፋሻ ደርሶበት በማያውቅበት ቦታ። አንዴ ላይ፣ ከጠርዙ ዝቅ ብለህ። ሲሊንደር እኩል አይበላም። ላይኛው በኩል ሙቀቱና ግፊቱ ይበረታል፣ ዘይትም ያንሰዋል፤ ስለዚህ እዚያ ይሰፋል።

ሀ፦ ክፍተቱ ሲለያይስ?

ለ፦ ልዩነቱን ለ3.14 ታካፍላለህ። ፋሻው የሚከተለው ዙሪያውን ነው፤ አንተ የምትፈልገው ዲያሜትሩን። ላይ 0.70፣ ታች 0.40 ሚሊሜትር ካገኘህ ልዩነቱ 0.30 ነው። ስታካፍለው ወደ 0.10 ይጠጋል። በቃ፣ ሲሊንደሩ ላይኛው በኩል በ0.10 ሚሊሜትር ሰፍቷል። ይህን የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ከሚፈቅደው ጋር ታስተያያለህ።

ሀ፦ ክፍል ውስጥ የሸመደድናት 3.14 እዚህ ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ለ፦ ሞላላ መሆን አለመሆኑን ግን አታሳይህም፤ ለዚያ እውነተኛው መለኪያ ያስፈልጋል። ከሚፈቀደው ካለፈ ቶርኖ ቤት ውሰደው። እዚህ ላይ አትቆጥብ። የሰፋ ሲሊንደርን አዲስ ፋሻ አያድነውም። በልኩ ከሆነ የሚቀርህ ሆኒንግ ብቻ ነው። ድሪል ላይ የሚገጠም የመፈተጊያ ድንጋይ አለ፤ እያሽከረከርክ ላይ ታች ትመላልሰዋለህ። የተጠላለፈ ጭረት ይተዋል። ጭረቱ ዘይት ይይዛል፣ አዲሱ ፋሻም እዚያ ላይ ተፋትጎ ልኩን ያገኛል።

ሀ፦ ከዚያ ማጽዳት።

ለ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስንት የተለፋበት ሞተር የሚበላሸው በዚህ ነው። ብዙ ሰው በቤንዚን ጠርጎ ያልፋል። ቤንዚን ዘይቱን ያነሳል እንጂ የድንጋዩን ደቃቅ ከጭረቱ ውስጥ አያወጣም። ያ ደቃቅ ከቀረ አዲሱን ፋሻ ይበላዋል፣ ከዘይት ጋር ዞሮ ብሮንዚኑንም፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚያርፍበትን ስስ ብረት፣ ያገኘዋል። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና፣ ብሩሽ። ደጋግመህ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክረህ ጥረገው። ጨርቁ ግራጫ ከሆነ ገና ነህ፣ ወደ ሳሙናው ተመለስ። ነጭ ሆኖ ሲወጣ ወዲያው ዘይት ቀባው፤ የታጠበ ብረት ዓይንህ እያየ ነው የሚዝገው።

ሀ፦ ይህ ሁሉ የሳሙና ዋጋ ነው።

ለ፦ የሳሙናና የትዕግሥት። የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎቹንም በቀጭን ረጅም ብሩሽ እንዲሁ።

ሀ፦ ብሮንዚኑስ? ይቀየራል?

ለ፦ አንዴ ከፈታሁት እቀይረዋለሁ። ግን ልኩን እወቅ። ክራንክሻፍቱ፣ ያ ዋና ዘንግ፣ ቀድሞ ተሞርዶ ከሆነ የአሮጌው ብሮንዚን ጀርባ ላይ 0.25 ወይም 0.50 የሚል ልታገኝ ትችላለህ። አዲሱን ስትገጥም ፕላስቲጌጅ የሚባል ቀጭን የፕላስቲክ ክር አለ። ቁራጩን የክራንክሻፍቱ አንገት ላይ ታኖራለህ፣ ክዳኑን በተባለው ልክ ታጠብቃለህ፣ ሳታዞረው መልሰህ ትፈታለህ። ክሩ ምን ያህል እንደተጨፈለቀ ማሸጊያው ላይ ካለው መስመር ጋር ታነጻጽራለህ። ብዙ የመኪና ሞተሮች ላይ የሚፈለገው ከ0.025 እስከ 0.075 ሚሊሜትር አካባቢ ነው።

ሀ፦ የፀጉር ያህል።

ለ፦ አዎ፣ ዘይቱ የሚያልፈው በዚያች ውስጥ ነው። ደግሞ የቢየላ፣ ፒስቶንን ከክራንክሻፍት የሚያገናኘው ክንድ፣ ክዳኖችን እንዳታቀላቅል። እያንዳንዱ ክዳን ከራሱ ቢየላ ጋር ተገጥሞ የተሠራ ነው። ከመፍታትህ በፊት ምልክት አድርግ፣ ፎቶ አንሳ።

ሀ፦ አሮጌው የሚያገለግለው የት ላይ ነው?

ለ፦ ፒስቶኑ ካልተጫረና የፋሻው ቦይ ካልሰፋ ይቀጥላል። ቫልቮቹንም ካልተቃጠሉ ሻካራ ቅባት ቀብተህ በእጅህ መቀመጫቸው ላይ ታሻቸዋለህ። ከዚያ ቴስታውን ገልብጠህ ነጭ ጋዝ ሙላበት፤ በቫልቩ ሥር ካልወረደ ዘግቷል። ጓርኒሲዮን ግን ሁሌም አዲስ። ሲጠብቁ የሚለጠጡ የቴስታ ብሎኖችም አንዴ ከተፈቱ አይመለሱም። ቶርክ ሬንቹን፣ ብሎን በተባለው ልክ የሚያጠብቀውን ቁልፍ፣ ደግሞ ተዋስ፤ የምትፈልገው ለጥቂት ቀን ነው።

ሀ፦ ሲያልቅ ለማስነሳት መቸኮል ይመጣል።

ለ፦ እኔንም ይዞኝ ነበር። መጀመሪያ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው። የሆነ ቦታ ቆም ካለ አታስገድደው፤ ቫልቭ ከፒስቶን ጋር እየተጋጨ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ካንዴላ ሳትገጥም የዘይት ግፊት እስኪያሳይ በሞተሪኖ ዞር ዞር አድርገው። ከተነሳ በኋላ ያለ ሥራ ቆሞ እንዳይውል። ፋሻውን ሲሊንደሩ ላይ የሚያስጠብቀው ከጀርባው የሚገፋው የጋዝ ግፊት ነው፤ ግፊቱ ደግሞ የሚመጣው ሲሠራ ነው። አንዴ ጫን፣ አንዴ ለቀቅ እያደረግህ ንዳው። የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ድፋው፤ ውስጡ የብረት ብናኝ ታያለህ።

ሀ፦ ያ የመጀመሪያ ሞተርሽስ?

ለ፦ ትክክለኛውን ፋሻ አግኝቼ ገጠምኩት። ዘይቱን ከቀየርኩ በኋላ መለኪያውን አራተኛው ላይ መልሼ ገጠምኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሀ፦ ስንት አለ?

ለ፦ 10 ተኩል። የዘይት ጠብታ ሳልጨምርበት።