ከአጥሩ ውጭ ላሉትስ ማን ይስበክ?

ብፁዕ አባታችን፣ የተከበራችሁ ካህናትና ዲያቆናት፣

ምእመናንን ወክለሽ ተናገሪ ስባል ምስጋና ብቻ ይዤ ልመጣ አስቤ ነበር። ምስጋናውም አለ። ታጠምቁናላችሁ፣ ታጋቡናላችሁ፣ ሙታናችንን ትቀብሩልናላችሁ። ግን እንተዋወቃለንና የሆዴን ልናገር።

በአንድ ቁምስና፣ በአንድ አጥቢያ ማለቴ ነው፣ የሆነ ነገር ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። የትምህርተ ክርስቶስ መዝገብ ልመልስ ቢሮ ገብቼ ተቀምጫለሁ። አንድ ጎልማሳ ሰው ገባ። ጥቁር ለብሷል። ካህኑ ከኮምፒውተራቸው ቀና ሳይሉ፣ «የቁምስናችን አባል ነህ?» አሉት። አይደለም። «የጥምቀት ወረቀትስ?» የለውም። «በል እሱን ይዘህ ማክሰኞ ና።» ሰውየው ኮፍያውን በእጁ እያዟዟረ ትንሽ ቆመ። «አባ፣ ወረቀት ፈልጌ አይደለም» አለ። «እናቴን ቀብሬ ነው። ዳግመኛ የማገኛት እንደሆነ ልጠይቅዎት ነበር።» ይኼኔ ስልክ ጮኸ። የጣሪያው ሠራተኛ ነው። አባ ስልኩን አነሱ፣ ሰውየው ወጣ። ተከትዬው ብሮጥም አልደረስኩበትም። ማክሰኞም አልመጣም።

አባቶቼ፣ ያ ሰው የጠየቀው እኮ ስለ ትንሣኤ ነው! ለእሱ መልስ ከሌለን ጣሪያው የሚጠገነው ለማን ነው?

ይህን ከኪሴ አውጥቼ አይደለም የምናገረው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ካህናት ባወጣው ድንጋጌ፣ የካህን ቀዳሚ ተግባር የእግዚአብሔርን ወንጌል ለሁሉም ማብሰር ነው ይላል። ቀዳሚ! ከሒሳብ መዝገቡና ከግንባታ ኮሚቴው ሲተርፍ አላለም። እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖናም በቁጥር 528 ቆሞሱን፣ የቁምስናውን ኃላፊ ካህን፣ ያዘዋል፤ ወንጌሉ እምነታቸውን መለማመድ ለተዉትም፣ እውነተኛውን እምነት ለማይመሰክሩትም እንዲደርስ ይትጋ ይላል። ያ ባለ ኮፍያ ሰው ቁጥር 528 ውስጥ አለ። የጥምቀት ወረቀት ግን እዚያ ውስጥ የለም።

ጊዜ የለንም ትሉናላችሁ። እናውቃለን፣ እናያለን። ግን ሐዋርያትም ጊዜ አጥሯቸው ነበር። ምን አደረጉ? የማዕዱን ሥራ ለሰባት ሰዎች ሰጡና «እኛ ግን ለጸሎትና ቃሉን ለማገልገል እንተጋለን» አሉ። ታዲያ ሒሳቡን ለእኛ ስጡን! ጣሪያውን ለእኛ ስጡን! ከመካከላችን መሐንዲስ አለ፣ የሒሳብ ባለሙያ አለ። ቀድሶ የሚያቆርበን፣ ንስሐችንን የሚሰማ ግን ከእናንተ በቀር ማን አለን?

ፈረንሳዊው ካህን ቅዱስ ዮሐንስ ቪያኒ እ.ኤ.አ. በ1818 በአገራቸው ወዳለችው አርስ ሲላኩ መንደሯ ትንሽ ነበረች። ሰው እስኪመጣላቸው አልጠበቁም፤ በየቤቱ ሄዱ። በትምህርት ጎበዝ የሚባሉም አልነበሩም፣ ላቲን አስለቅሷቸዋል። ዛሬ የቆሞሶች ጠባቂ ቅዱስ እሳቸው ናቸው።

ስለ ስብከት ብዙ አልልም። አጭር ይሁን፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ መክረዋል። ከስልክ ላይ የሚነበበውማ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኛም ስልክ አለን።

ዲያቆናት ሆይ፣ ስትሾሙ ወንጌሉ በእጃችሁ ሲሰጥ የተባላችሁትን አትርሱ፤ ያነበባችሁትን እመኑ፣ ያመናችሁትን አስተምሩ፣ ያስተማራችሁትን ኑሩበት።

ብፁዕ አባታችን፣ የምንለምነው አንድ ነገር ነው። በየቁምስናው በሳምንት አንድ ምሽት ካህኑ ያለ መዝገብ፣ ያለ ስልክ ይቀመጡ። የመጣው ሁሉ ይግባ፤ አባል ነህ ወይ አይባል። የጥበቃውንና የሻዩን ነገር እኛ እንችላለን። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ዝግጁ ነን።

አመሰግናለሁ።