ወጣት በበዛበት አገር ሮቦት ይመጣል ወይ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ የደወለች እናት፦ «ሕዝቡ እየበዛ ነው፣ ማሽኑም ሥራ እየነጠቀ ነው ይባላል። ልጆቻችን ምን ሊሠሩ ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሮቦት በብዛት የገባው ሠራተኛ ባነሰበት አገር ነው። ደቡብ ኮሪያን ውሰጂ። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 0.72 ልጅ ነበር፤ አንድ እንኳ አይሞላም። በዚያው ዓመት በፋብሪካዎቿ ለ10,000 ሠራተኛ ከ1,000 በላይ ሮቦት ነበራት፣ ከዓለም አንደኛ። ዳረን አሴሞግሉና ፓስኳል ሬስትሬፖ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ብዙ አገሮችን አነጻጽረው ይህንኑ ነው ያሳዩት፤ ከ21 እስከ 55 ዓመት ያለው ሰው ከአረጋዊው አንጻር ሲያንስ የፋብሪካ ጉልበት ይወደዳል፣ ባለቤቱም ፊቱን ወደ ማሽን ያዞራል። የልጅ መብዛት ብቻውን ሮቦት አይጠራም።

ከፎገራ የደወሉ አባት፦ «ወጣቱ ይህን ያህል ከበዛ ታዲያ ለሩዝ አጨዳ ሰው የማጣው ለምንድን ነው?»

መልስ፦ አባቴ፣ የአገሩ ሕዝብ ሌላ፣ በአጨዳ ሳምንት ማሳዎ ላይ የሚገኘው ሰው ሌላ። የእርስዎ ሩዝ ሲደርስ የጎረቤትዎም ይደርሳል። ወጣቱ ደግሞ ወይ ከተማ ገብቷል ወይ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል፤ ሰሊጥ ሲደርቅ ፍሬው ስለሚረግፍ ዛሬም በብዛት በእጅ ነው የሚታጨደው። ማጨጃ መከራየት ካሰቡ ከአዋሳኞችዎ ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን አድርጉት፣ ለትንሽ ማሳ ብቻውን አያዋጣም። መሬቱም በደንብ ይድረቅ፤ ካልደረቀ ከባድ ማሽን ይሰምጣል።

ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ላይ የሚሠራ ወጣት፦ «ስለዚህ እኛን አያሰጋንም ማለት ነው?»

መልስ፦ እሱን አላልኩም ወንድሜ። ያሰጋል፣ የሚመጣው ግን በሌላ በር ነው። ቻይና ለሥራ የደረሰው ሕዝቧ መቀነስ ከጀመረ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ፋብሪካዎች ከተተከለው አዲስ ሮቦት ከግማሽ በላይ የተተከለው እዚያ ነው። ድሮ ደመወዝ ሲወደድ ፋብሪካው ርካሽ ጉልበት ወዳለበት አገር ይሄድ ነበር፣ እኛም ተራችንን እየጠበቅን ነው። ማሽኑ ከረከሰ ግን ፋብሪካው ባለበት ይቀራል። እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ሊመጣልን የሚችለው ሥራ ሳይመጣ መቅረቱ። ልብስ ስፌት ላይ ትንሽ ጊዜ አለን፣ ጨርቅ ስለሚታጠፍና ስለሚንሸራተት ሮቦትን ያስቸግረዋል። ፈትሉና ሽመናው ግን ከወዲሁ አውቶማቲክ እየሆነ ነው። አንተ ማሽኑ አጠገብ ነህና ጥገናውን ተማር፤ ኤሌክትሪኩን፣ ሴንሰሩን። ፋብሪካ አዲስ ማሽን ሲያስገባ ኦፕሬተር ይቀንሳል፣ ጥገና የሚችለውን ግን ይፈልገዋል።