እግሩ አለ፣ መደቡ የለም፦ ፖዲያትሪ ተምሮ ደሴ ላይ ስራ ይገኛል?

(ምስል፦ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ጠዋት። የሚያልፈው ሰው እግር ብቻ ይታያል፤ በረባሶ፣ ስኒከር፣ የፕላስቲክ ጫማ)

ሰላም የደሴ ልጆች እንዴት ናችሁ፣ ኮምቦልቻዎችም አብሽሩ አልረሳናችሁም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እግር ነው፣ አትሳቁ። እህቴ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፣ ናቹራል፣ እና ቲክቶክ ላይ አንዷ ፈረንጅ የሰው ተረከዝ ስትሞርድ አይታ "ይሄም ስራ ሆኖ ይማሩታል?" አለችኝ። አዎ ይማሩታል። ፖዲያትሪ ይባላል። እኔ ነርስ ነኝ፣ የስኳር ክትትል ላይ ነው የምሰራው፣ ስለዚህ ለሷ የመለስኩላትን ለናንተም ልበላችሁ።

ፔዲኪር አይደለም ይሄ። ፖዲያትሪስት ማለት ከጥፍር እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን ነገር የሚመረምርና የሚያክም ባለሙያ ነው፣ ቁስል፣ ስጋ ውስጥ የገባ ጥፍር፣ የጠነከረ ቆዳ፣ አረማመድ፣ ጫማ ውስጥ የሚገባ ልዩ ሶል ምናምን። አሜሪካ ሄዳችሁ ልማር ካላችሁ መጀመሪያ ኮሌጅ፣ ከዛ 4 ዓመት የፖዲያትሪ ትምህርት ቤት፣ ከዛ 3 ዓመት ሬዚደንሲ (ሆስፒታል ውስጥ እየሰሩ መሰልጠን)፣ ቀዶ ጥገናም ይሰራሉ። እንግሊዝ ግን ዲግሪው 3 ዓመት ነው፣ ስኮትላንድ 4፣ እና እዛ ሳይመዘገብ ፖዲያትሪስት ነኝ የሚል ሰው በህግ ይጠየቃል።

የሚገርመው ግን እንግሊዝ ስራው አለ፣ ተማሪው ነው የጠፋው። በ2017 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለጤና ተማሪዎች ይሰጥ የነበረውን ድጎማ አንስተው በብድር ተኩት፣ ፖዲያትሪ ደግሞ ከድሮም ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ብዙ ጊዜ በእድሜ ጠና ያሉ ሰዎች ስራ ቀይረው የሚገቡበት ትምህርት ነበር፣ ልጅ ያለው ሰው ብድር ሲባል መቼም ሁለቴ ያስባል፣ አመልካቹ ቀነሰ። በ2020 ደንግጠው ለጤና ተማሪዎች በዓመት 5,000 ፓውንድ የማይመለስ ገንዘብ አመጡ፣ ሰው ለሚያጥራቸው ትምህርቶች ደግሞ ሌላ 1,000 ጨመሩ፣ ፖዲያትሪ እዛ ውስጥ አለች። ገንዘብ ተጨምሮበት ኑ ተማሩ እየተባለ ነው!

እኛ ጋ የተገላቢጦሽ ነው። እግሩ ሞልቷል፣ መደቡ የለም።

(ምስል፦ ባዶ እግር ወንበር ላይ፣ በቅርብ)

አጎቴ ስኳር አለበት። አንድ ቀን ከሰኞ ገበያ እስከ ቤት ድረስ በእግሩ መጣ፣ ጫማውን ሲያወልቅ ሚስቱ ካልሲው ላይ ደም አየች። ሚስማር ሶሉን በስቶ ስጋው ውስጥ ገብቷል፣ ያን ሁሉ መንገድ ሲረግጠው ነበር፣ አልተሰማውም። ስኳር ሲቆይ ነርቩን ይጎዳዋል፣ እግር ደንዝዞ ቁጭ ይላል፣ ህመም ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ማስጠንቀቂያው ከጠፋ ሰው በቁስሉ ላይ ይራመድበታል። ክትትል ሲያደርግበት የነበረው ቦታ (ስሙ ይቅር) 6 ዓመት ሙሉ ደሙን ሲለኩት "ጋሼ እስቲ ጫማዎን ያውልቁ" ያለው አንድ ሰው የለም።

እኔ ምን አደረግኩ፣ ሞኖፊላመንት የምንለው ቀጭን የናይለን ክር አለ፣ ስትጫኑት 10 ግራም ላይ ሲደርስ ይታጠፋል። ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማው "አዎ" እንዲል ነገርኩት፣ አውራ ጣቱ ላይ፣ ከዛ ከጣቶቹ ስር ባለው ጉብታ ላይ። ዝም። ሌላውን እግር፣ ዝም። "ጀመርሽ እንዴ?" አለኝ። ወላሂ በዛ ቀን ነው ይሄ ሙያ የገባኝ። ክሩ ርካሽ ነው፣ ምርመራው ደቂቃዎች ነው፣ ሳይደረግ ቀርቶ ቁስል ሲመረቅዝ ግን እግር እስከመቁረጥ ይደርሳል።

ደግሞ ስኳር ብቻ አይደለም። እዚሁ ደሴ አጠገብ ያለችውን ቦሩ ሜዳን ታሪክ ላይ የአፄ ዮሐንስ ጉባኤ ብለን ነው የተማርናት፣ ሆስፒታሉ ግን ለስንት ዘመን የስጋ ደዌ ታማሚ ሲያክም የኖረ ነው፣ እሱም ነርቭ ይጎዳል፣ እግር ያደነዝዛል። ዝሆኔም አለ፣ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው፣ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል ሐኪሞቹ፣ በሀገር ደረጃ ግምቱ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው ነው፣ ጫማና እግር መታጠብ ይከላከለዋል። ኮምቦልቻ ደግሞ ፋብሪካ ላይ ቆሞ የሚውለውን እዩት፣ ተረከዜን የማይል አለ?

ታዲያ ስራው? መንግስት የሚቀጥረው በመደብ ነው፣ ማስታወቂያው ላይ "ነርስ"፣ "ፊዚዮቴራፒስት" ይላል፣ ፖዲያትሪስት የሚል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ስለዚህ ለእህቴ ያልኳት፣ መደብ ባለው ሙያ በኩል ግቢና እግሩን ከውስጥ ሆነሽ ያዢው። ነርሲንግ እዚሁ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ፊዚዮቴራፒ ከፈለግሽ ጎንደር ነው የድሮው ቤቱ፣ ኤግዚት ኤግዛሙን አልፈሽ ፈቃድ አውጪ፣ ከዛ ቁስል እንክብካቤና የስኳር እግር ላይ አተኩሪ፣ ስልጠና ሲመጣ እጅሽን ቀድመሽ አውጪ። ሰው ሰራሽ እግርና ድጋፍ የሚሰሩበት ማዕከልም ደሴ ላይ አለ፣ ሄዳችሁ እዩት፣ ጫማ መስራትና ህክምና የሚገናኙበት ቦታ ነው። ቆዳ ፋብሪካ ኮምቦልቻ፣ ጫማ ሰፊ በየመንገዱ፣ ለደነዘዘ እግር የሚሆን ለስለስ ያለ ሰፊ ጫማ የሚሰራ ግን ፈልጌ አጣሁ፣ ሰምታችኋል አይደል ነጋዴዎች?

ደሞዙን አትጠይቁኝ፣ የነርስ ነው፣ እግር ስለያዛችሁ የሚጨመር ነገር የለም። ውጪ ሄጄ በዚሁ እሰራለሁ ለምትሉ ደግሞ ነርሲንግ ተምሮ ፖዲያትሪስት መሆን አይቻልም፣ ሌላ ዲግሪ ነው፣ እንዳትሸወዱ፣ ኤጀንት ነኝ ባይ ብዙ ነው።

(ምስል፦ ማታ፣ የስልክ መብራት፣ የእግር መዳፍ)

እህቴ እስካሁን አልወሰነችም። ግን ማታ ማታ አጎቴን አስቀምጣ በስልኳ መብራት እግሩን ታየዋለች፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር፣ እሱ ያፍራል፣ "ተይ ልጄ እግር ነው እኮ" ይላታል። ትናንት ከትንሿ ጣት ስር ቀላ ያለች ነገር አገኘች፣ ሳንቲም የምታክል። አዲሱ ጫማው ነው የጨመቀው። ጫማውን ቀማችው፣ ዛሬ በሸበጥ ይዘነው ክሊኒክ ሄድን።