ስንት ናችሁ?

(የኢትዮጵያ አይሁድ ዓመታዊ የጾምና የጸሎት በዓል በሆነው በስግድ ዋዜማ፣ ኅዳር 2025 እ.ኤ.አ.፣ በደቡብ እስራኤል ለተሰበሰቡ ቤተ እስራኤላውያን የቀረበ ንግግር)

ክቡራን ቄሶቻችን፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን ለስግድ በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

«በሰላም» የምትለዋን ቃል ካቻምናና አምና እየዘለልኩ ነበር ሰላምታ የምሰጠው። ዘንድሮ አልኳት። የጋዛው ጦርነት የተኩስ አቁም ዛሬ ገና አርባ ቀኑ ነው፤ ጆሯችንም የአደጋ ደወል ከመጠበቅ አልተላቀቀም። ቅድም ውጭ ሞተር ብስክሌት ሲነሣ ግማሻችሁ ወደ መጠለያው በር ስትዞሩ አይቻለሁ። እኔም ዞሬያለሁ።

አዘጋጆቹ ስለ አንድነት ተናገሪ ብለውኛል። ስለ አንድነት መናገር አልችልበትም፤ ስለ መቁጠር ልናገር።

በ1984 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ገጠር ወደ ሱዳን ስንጓዝ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሌሊት እንጓዛለን፣ ቀን ጫካ ውስጥ እንደበቃለን። ጎሕ ሲቀድ እናቴ የእያንዳንዳችንን ራስ እየዳሰሰች «ስንት ናችሁ?» ትላለች። እኛም በሹክሹክታ «ስድስት» እንላለን። ኡም ራኩባ ከተባለው የስደተኞች ሠፈር በደረስን በሁለተኛው ወር ታናሹን ወንድማችንን ኩፍኝ ወሰደው። አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ በጨለማ ተቀበረ፤ እናቴም ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ደረት ሳይደቃ፣ ሙሾ ሳይወርድ፣ ሰባቱ ቀን ሳይቆጠር ቀረ። በዚያ መንገድ ወደ 4,000 የሚጠጋ ወገናችን አልቋል። አብዛኛው መቃብሩ አይታወቅም።

እስራኤል ስንገባ መዝጋቢው «ስንት ልጅ አለሽ?» ብሎ በአስተርጓሚ ጠየቃት። «ስድስት።» አምስታችንን ቆጥሮ ቀና አለ። «ስድስት» አለች ደግማ። አስተርጓሚው እየተጨነቀ ሊያስረዳት ሞከረ። የሰውየው መዝገብ አምስት አለ፤ የእናቴ ግን እስከ ዛሬ ስድስት ነው።

ይህን የማነሣው ያለ ነገር አይደለም። የእኛው ልጅ አቨራ መንግሥቱ በመስከረም 2014 ከአሽቀሎን ዳርቻ አጥሩን ተሻግሮ ጋዛ ገባ፤ በሐማስ እጅም ቀረ። በሽተኛ ነበር፤ ወታደር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ስሙ ሳይነሣ እንደቀረ ታውቃላችሁ። መንግሥትን ወይም ጋዜጦችን ብቻ መውቀስ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ቤተሰቡ ሰልፍ በወጣበት ቀን እኔ በአጠገባቸው በአውቶቡስ አልፌያለሁ፤ ፎቶውን በመስኮት አየሁት፣ ሥራ ረፍዶብኝ ነበርና አልወረድኩም። እንዲህ ዓይነት አውቶቡስ ላይ የነበርኩት እኔ ብቻ አይመስለኝም።

ከዚያ ሐማስ ከጋዛ ወጥቶ የወረረን ያች የጥቅምት 2023 ቅዳሜ መጣች። 1,200 ገደማ ሰው በአንድ ቀን ተገደለ፣ 251 ሰው ተወሰደ። በኋላ ቁጥሩ 255 ተብሎ ሲነገር ሰማሁ። አራቱ ቀድሞ የነበሩት ናቸው፦ አቨራ፣ በዱዊኑ ሂሻም አል ሰይድ፣ በ2014 ጦርነት የወደቁት የሁለት ወታደሮች አስከሬን። የአቨራ ፎቶ ከኪቡትዝ (የጋራ እርሻ መንደር) አያቶችና ከሕፃናት ፎቶ ጎን ተሰቀለ። ያን ቀን ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ አፈርኩ። አንድ ሰው ከቁጥር እንዲገባ ያን ያህል ሰው መወሰድ ነበረበት ወይ? የካቲት 22 ቀን 2025 ሲወጣ፣ ከአሽቀሎን የደወለችልኝ ዘመዴ መናገር አቅቷት ዕልልታውን ብቻ በስልክ አሰማችኝ።

ጦርነቱ ሲጀመር እናቴ ጋዛ አጠገብ ባለችው ስዴሮት ከተማ ነበረች። ከጎረቤቶቿ ጋር ሙት ባሕር ዳር ወዳለ ሆቴል ወሰዷቸው። በሁለተኛው ቀን ክፍሏ ውስጥ ቡና ስትቆላ የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸና በሮኬት የተሰደደ ሕዝብ ሁሉ በፒጃማ ወደ ደረጃው ሮጠ። (የሆቴሉ ኃላፊ ከዚያ በኋላ ውጭ በረንዳ ላይ ቦታ ሰጣት። ጨዋ ሰው ነው፤ ሦስተኛውንም ስኒ ይጠጣ ነበር።) በዚያ በረንዳ ላይ ከአንዲት የኪቡትዝ ሴት ጋር ተዋወቀች። ሴትዮዋ የልጅ ልጇን አጥታለች። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። እናቴ በየማለዳው ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፣ ይኸው ነው። ለቅሶ መድረሷ ነው። አንድ ቀን ሴትዮዋ እኔን ጠርታ «ሁልጊዜ ስትነሣ የምትለኝ ምንድን ነው?» አለችኝ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ ነው የምትልሽ።» ጥቂት ዝም አለችና «እኔ በእግዚአብሔር አላምንም፤ ግን ነገም ትምጣ በያት» አለችኝ።

አንድነት ስትሉኝ እኔ የማውቀው ያን በረንዳ ነው። በቀብር ላይ የሚደረገውን ንግግር አይደለም። ልጆቻችን ሲወድቁ «ጀግኖቻችን» የሚሉን ሰዎች፣ እነዚሁ ልጆች በሕይወት ሳሉ ፖሊስ በየመንገዱ ሲያስቆማቸው የት ነበሩ? በ2019 አደባባይ የወጣነው ለዚህ ነበር። ያ ጥያቄ በጦርነቱ አልተመለሰም፤ ሐዘን ላይ ስለሆንን ብቻ ቆይልን አልነው።

የመርዶን ነገርም ላንሣ። በሀገር ቤት ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ ዘመድ አስቀድመው፣ ገና ሳይነጋ ይመጣሉ። እዚህ የደንብ ልብስ የለበሱ መኮንኖች በር ያንኳኳሉ። ጎረቤቴ ልጇ ጋዛ በነበረ ጊዜ ማንም በሯን እንዳያንኳኳ ለሕንፃው ሁሉ ተናገረች። አሥር ወር ሙሉ ከደረጃው ጀምረን ስሟን እየተጣራን ነው የገባነው፤ ፖስተኛው እንኳ ለመደ። የእሷ ልጅ ተመለሰ። በሦስተኛው ፎቅ ያለው ልጅ አልተመለሰም። የእሱን በር ሲያንኳኩ ሁላችንም ሰምተናል፣ እሷም በየት በኩል እንደሆነ እስክትለይ ድረስ ግድግዳውን ይዛ ቆማ ነበር።

የምቀጥለውን ሁላችሁም አትወዱልኝ ይሆናል። በጋዛም ልጇን ያለ ለቅሶ፣ ያለ መቃብር ምልክት የቀበረች እናት አለች። ሐማስ ያደረገብንን አልረሳሁም፤ ይቅር የማለት ሥልጣንም የለኝም። ግን ነጠላ አፍ ውስጥ ጎስጉሶ ማልቀስ ምን እንደሆነ የእናቴ ልጅ ሆኜ አላውቅም ማለት አልችልም።

ዛሬ ማታ ጋዛ ውስጥ የቀሩት የታጋቾች አስከሬኖች ሦስት ናቸው። አንዱ ታይላንዳዊ የእርሻ ሠራተኛ ነው፤ ቤተሰቡ ከዚህ እጅግ ሩቅ ነው። ነገ ቄሶቻችን በጸሎት ሲያስቡ እሱም እንዲታሰብ እለምናለሁ።

ወጣቶች፣ አያቶቻችሁ በስግድ ቀን ጎንደር አጠገብ ባለችው አምቦበር ላይ ወደ ተራራው ሲወጡ ድንጋይ ተሸክመው፣ ጾመው ነበር። ሲወርዱ ግን ይበላሉ፣ ይጨፍራሉ። ሁለቱም በአንድ ቀን። ማንም «ሐዘናችሁ ሳያልቅ እንዴት ትጨፍራላችሁ?» አላላቸውም፤ ሐዘኑ ካለቀ በኋላ እንጨፍር ቢሉ ኖሮ አንድም ቀን ባልጨፈሩ ነበር። ስለዚህ ነገ ከሰዓት በኋላ ዳቦው ሲቆረስ ዳር ቆማችሁ ስልክ አትነካኩ፤ ግቡና እስክስታ ምቱ።

ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደው አውቶቡስ ከጠዋቱ በ12 ሰዓት ይነሣል፤ ለወጣቶቹ 6 ሰዓት ማለቴ ነው። ጃንጥላ ያላችሁ ያዙ። እናቴ ከሹፌሩ ቀድማ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ራሳችሁን ስትዳስስ እንዳትደነግጡ። «ስንት ናችሁ?» ካለቻችሁ፣ የቀሩትንም ጨምራችሁ ንገሯት።